ወፍራም እንጨት ላይ የስክሮል ሶው ምላጭ ስለሚጎብጥብኝ ምክር እጠይቃለሁ

የስክሮል ሶው (ቀጭን ምላጩ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ እንጨትን በቅርጽ የሚቆርጥ መጋዝ) ሥራ ዕድሜ ልኬን ልይዘው የምፈልገው የትርፍ ጊዜ ሙያዬ ነው፤ በተለይ እንጨቱን መሐሉ ላይ በስቶ፣ ቀጭኑን ምላጭ በቀዳዳው አሳልፎ፣ የውጭውን ጠርዝ ሳይነኩ ቅርጽ ማውጣት የሚሰጠኝን ደስታ በሌላ ሥራ አላገኘሁትም። ሆኖም ከ6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ወደ 20 ሚሊ ሜትር ጠንካራ እንጨት ስሻገር መፍትሔ ያጣሁለት ችግር ገጥሞኛል። ጠባብ ኩርባ ላይ ምላጩ መሐሉ ስለሚጎብጥ የተቆረጠው ፊት ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ቁራጩም በአንድ በኩል በቀላሉ ሲወጣ በሌላው በኩል ይሰነቀራል፤ ጠርዙም ተቃጥሎ ይጠቁራል።

ጠረጴዛው ከምላጩ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን በማዕዘን መለኪያ አረጋግጫለሁ፤ ምላጩንም በደንብ ወጥሬዋለሁ። እንጨቱ ላይ ግልጽ ፕላስተር መለጠፌ ቃጠሎውን ቀንሶታል፤ ጉብጠቱን ግን አላስቀረውም። ጠፍጣፋ ምላጭ ከአመራረቱ የተነሣ ወደ አንድ ጎን የመሳብ ጠባይ ስላለው እንጨቱን ከመስመሩ በትንሹ አዙሬ እገፋለሁ።

ለዚህ ውፍረት ከ5 ቁጥር ምላጭ ወደ 7 ወይስ ወደ 9 ልለፍ (ቁጥሩ ሲጨምር ምላጩ ይሰፋል)? ሰፊው ምላጭስ ጠባቡን ኩርባ ሳያበላሽ እንዴት ይዞራል? የመሣሪያውን ፍጥነት መቀነስስ ይረዳ ይሆን? በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ የቆያችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።