«አገር ስጠኝ» አለችው አያቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «የ3 ዓመት ልጄ ከታብሌት አልላቀቅ አለኝ» ብላ ለጠየቀችው እህት ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ለብቻው አድርጌዋለሁ።

ያለነው ሲያትል ነው፣ ልጄ 4 ዓመቱ ነው። እኔና ባለቤቴ በፈረቃ ስለምንሠራ አንዳችን ስንገባ ሌላችን እንወጣለን። ሲበላ ታብሌት፣ መኪና ውስጥ ታብሌት፣ ሲተኛ ታብሌት። በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ደስ ይለን ነበር። አማርኛው የት እንደቀረ ልብ ያልነው ዘንድሮ ክረምት ጎንደር ስንወስደው ነው። እናቴ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥታ አቅፋ ሳመችውና «እንዴት ነህ የኔ ጌታ?» አለችው። ዞር ብሎ እኔን አየኝ። ምን እንዳለችው እንድነግረው ነው። ያ አስተያየቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገሩ የውጭ ኑሮ ያመጣው ይመስለኝ ነበር፤ እናቴ ሰፈርም ያው ነው። ጎረቤታችን 2 ዓመት ያልሞላት ልጇ ዩቲዩብ ከፍታ የምትወደውን ስትመርጥ አሳየችኝ። «እያት፣ ጎበዝ እኮ ናት!» እንጀራ ስትጋግር ነው የምትሰጣት። ምጣዱ ግሎ ልጅ ሥሯ ሲርመሰመስ ምን ታድርግ? አልፈርድባትም። ችግሩ ምጣዱ ከበረደ በኋላም ስልኩ ልጅቷ እጅ ላይ መቅረቱ ነው። ስልክ መነካካት ጣት በልምድ የሚያገኘው ነገር ነው፤ አፍ የሚፈታው ግን መልሶ ከሚያናግር ሰው ጋር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ካነሰም ይሻላል ይላል። የኔ ልጅ 4 ሰዓት ያህል ያይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ታብሌቱ ቻርጅ ጨርሷል፣ ልጁ መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል። አባቴ «ስጡት እንጂ፣ ልጅ አታስለቅሱ!» ይለናል። እናቴ ከሰሉ ላይ በቆሎዋን ታገላብጣለች። ከዛ ጥቂት ፈልፍላ መዳፉ ላይ አደረገችለትና «እንቆቅልህ?» አለችው። የእህቴ ልጆች «ምን አውቅልሽ በል!» ብለው ጮኹበት። እየተነፋረቀ አለ። መልሱን አላወቀውም። «በል አገር ስጠኝ» አለችው። አሰበ፣ አሰበና «ሲያትል» አላት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እሱም ሳቀ። መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ስንት አገር እንደሰጣት አላስታውስም።

መብራቱ ሲመጣ ታብሌቱን ጠየቀ፣ አልዋሽሽም እህቴ። ግን ያን ቀን ምን ማድረግ እንዳለብን ገባን። ከተመለስን በኋላ ታብሌቱ የሚያድረው እኛ መኝታ ቤት ነው። ማዕድ ላይ ስልክ የለም፣ የኔም የባለቤቴም ጭምር፣ ምክንያቱም እኛ ስልካችን ላይ አቀርቅረን እሱን ከልክለን አይሆንም። ቪዲዮው በራሱ ወደሚቀጥለው እንዳያልፍም ዘጋነው፤ ይሄ ትንሽ ይመስላል እንጂ ልቅሶውን በጣም ቀንሶልናል። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛንም። ፈረቃ ሲደራረብብን አሁንም አንዳንዴ ከ1 ሰዓት እናልፋለን።

የቪዲዮ ጥሪን ግን አልከለከልንም፤ እዚያ ውስጥ መልሶ የሚያናግረው ሰው አለ። ቅዳሜ እዚህ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ጎንደር ምሽቱ 1 ሰዓት ነው፣ እናቴ ቡናዋን ጨርሳ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ትጠብቀዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ኢሞ ላይ እሱ ነው «እንቆቅልሽ?» ብሎ የጀመራት። ጥያቄውን ራሱ የፈጠረው ስለሆነ መልሱን ማንም አላወቀውም። «አገር ስጪኝ» አላት። «ጎንደርን ሰጠሁህ» አለችው። «ጎንደር ትልቅ ነው፣ አንቺ የት ትኖሪያለሽ ታዲያ? አዘዞን ብቻ ስጪኝ» አላት።