ከሽንኩርት ዲኤንኤ ማውጣት አልተሳካልኝም፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጎንደር ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ዲኤንኤን፣ ማለትም በሴል ውስጥ ያለውን የዘር መረጃ ተሸካሚ ክር፣ በሥዕል ብቻ ሳይሆን በዓይናቸው እንዲያዩት ስለምፈልግ፣ ቀይ ሽንኩርት ወቅጠን፣ የሴሉን ሽፋን የሚያፈርስ ፈሳሽ ሳሙና፣ የዲኤንኤው ክሮች እንዲሰባሰቡ የሚረዳ ጨው በውሃ በጥብጠን ጨመርንበትና በነጠላ ጨርቅ አጠለልነው። ንጹሕ አልኮል ስላላገኘን አረቄ በብርጭቆው ጠርዝ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩበት። ሆኖም በሁለቱ ፈሳሾች መካከል መታየት የነበረበት ነጭ ክር አልመጣም፤ አረቄው ወዲያው ተቀላቅሎ ሐምራዊ ድፍርስ ብቻ ቀረን። የልጆቹ ዝምታ እስካሁን ያሳዝነኛል።

በደንብ የቀዘቀዘ 95 በመቶ ኤታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) እንደሚመረጥ አውቃለሁ። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል በበረዶ ቢቀዘቅዝ ይበቃ ይሆን? ወይስ አብዝተን በመውቀጣችን ክሮቹን በጣጥሰናቸው ይሆን? በእጃችሁ ሠርታችሁ የተሳካላችሁ መምህራን፣ የጨውንና የሳሙናውን መጠን ጭምር ብትጽፉልኝ በሚመጣው ሐሙስ ደግሜ እሞክረዋለሁ።