ለጎንደር ዳገት አውቶማቲክ ወይስ ማንዋል? የዓመት ወጪውን የሚያውቅ ይንገረኝ

የማራኪዋ፦
ሰላም ወገኖች። የቤተሰብ መኪና ልንገዛ ነው። ሁለት ያገለገሉ መኪኖች አይተናል። አንዱ 1,000 ሲሲ ቪትዝ አውቶማቲክ፣ ሌላው 1,600 ሲሲ ኮሮላ ማንዋል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የዘወትር መንገዳችን ከማራኪ ፒያሳ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አዘዞ እናቴ ጋ ነው። ለበዓል ደባርቅ የባለቤቴ ቤተሰቦች ዘንድ እንወጣለን። ባለቤቴ «አውቶማቲክ ነዳጅ ይበላል፣ ካምቢዮው ከተበላሸ ደግሞ አለቀልን» ይላል። እኔ ልጆች ጭኜ ዳገት ላይ ከፍሪሲዮን ጋር መታገል አልፈልግም። እንዴት ታዩታላችሁ?

የአዘዞ ሾፌር፦
እህቴ፣ ማንዋሉን ያዢ። ባትሪ ሲደክም ተገፍቶ ይነሳል። አውቶማቲክ ተገፍቶ አይነሳም። መንገድ ላይ ቢቆምብሽ ደግሞ ዝም ብለሽ በገመድ አታስጎትችውም። ከደባርቅ እስከዚህ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የማስጫኛውን አስቢው።

ጋራዥ የኖረ፦
ስለ መጎተቱ ወንድሜ ልክ ነው። የአውቶማቲክ ካምቢዮን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ነጂ ጎማዎቹ መሬት ላይ ከዞሩ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፈጫል።

ነዳጁ ላይ ግን አልስማማም። ብዙ የሚበላው የድሮው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ነው፤ በተለይ ቆም ቀጥል በሚበዛበት መንገድ። ሲቪቲ (በተለያዩ ማርሾች ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ) ከሆነ ነገሩ ይለያል። 1,000 ሲሲ ሲቪቲ ከ1,600 ማንዋል ያነሰ ቢጠጣ አይግረምሽ። ሞተሩንም አብረሽ አወዳድሪ። ደግሞስ በመቶ ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ቢለያዩ፣ በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ በዓመት 120 ሊትር ነው። በማደያ ዋጋ አባዢው። አንድ የካምቢዮ ብልሽት ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይውጠዋል። ባለቤትሽ የፈራው እሱን ከሆነ እውነት አለው።

ማንዋልም ወጪ አለው። ዳገት ላይ ሰልፍ ሲኖር መኪናውን በእጅ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ በግማሽ ፍሪሲዮን የሚያንጠለጥል ሰው ዲስኩን ያቃጥለዋል። እዚህ ከተማ ይህን በየቀኑ አያለሁ፣ ያናድደኛል። ዲስኩ ሲቀየር ካምቢዮው መውረዱ ስለማይቀር ኩሺኔታውንም አብረሽ አስቀይሪ፤ የእጅ ዋጋ ሁለቴ አትክፈይ። ግን ይህን ሥራ ጎንደር ውስጥ የማይችል መካኒክ የለም። የሲቪቲ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ከፍታው ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅ ከዚያም ትበልጣለች። አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቪትዙ ቤተሰብና የበዓል ዕቃ ጭኖ ወደ ዳባት ሲወጣ ይጮሃል። ይደርሳል፣ ግን ታግሶ ለሚነዳ ሰው ነው።

የማራኪዋ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ሲቪቲ ነው ብሎናል። የካምቢዮ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ግን አያውቅም። ቅዳሜ ልናየው ነው፤ ምን ልይ?

ጋራዥ የኖረ፦
ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ዳገት ላይ ንጂው። ድምፁ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ፣ ወይም ስትነሺ ከተንቀጠቀጠ ተዪው። መካኒክ ዘይቱን ይይልሽ፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተም ተዪው። ደህና ከሆነ የዘይት ቅየራውን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት እንዳይሞሉብሽ። ቁልቁለት ወደ አዘዞ ስትወርጂም ዲ ላይ ትተሽ ፍሬን ብቻ አትርገጪ። ዝቅተኛውን ማርሽ ተጠቀሚ፣ የፍሬን ሸራሽ ይቆይልሻል።

ኮሮላውንም ሳታዪ አትመለሺ። ሜዳ ላይ እጅ ፍሬኑን አጥብቀሽ ያዢ፣ ሦስተኛ አስገቢ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። ሞተሩ ከጠፋ ዲስኩ ደህና ነው። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ዲስኩ አልቋል፤ ዋጋውን በዚያ ልክ ተደራደሪ።