አባቴ ያረፈው በሰሙነ ሕማማት ነው፤ ለፋሲካ ሐይቅ ብወርድ ነውር ይሆናል?

ጥያቄ (የቱሉ ዲምቱው)
እንደምን ሰነበታችሁ። አባቴ ያረፈው አምና ሚያዝያ 9 ቀን 2017፣ በጸሎተ ሐሙስ ነው። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ «የሆሳዕናው ፍትሐት ይበቃዋል» ተብለን ቀበርነው። ፋሲካም ድንኳን ውስጥ እንዳለን አለፈ።

ከክረምት ወዲህ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቢሾፍቱ ወስዶ ባቦጋያ ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ አለማምዶኛል። ሸራው ሲወጠር እጄ ገመዱን፣ ዓይኔ ነፋሱን ስለሚከታተል ሌላ ነገር ማሰብ አልችልም። ደህና እንቅልፍ የሚወስደኝም የዚያን ዕለት ማታ ብቻ ነው። ዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ከቀዳም ሥዑር እስከ ሰኞ እዚያው ልሆን አስቤ አክስቴ «ሰው ምን ይላል!» ብላ ተቆጣች። እናቴ ምንም አላለችም። ምን ትመክሩኛላችሁ? ለብቻዬ በጀልባው ብወጣስ?

ባለሸራው
ነፍስ ይማር። የነውሩን ነገር ሌሎች ይመልሱልህ፤ እኔ ስለ ውኃው ልናገር። ባቦጋያ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል። ዙሪያውን ገደል ስለከበበው ነፋሱ አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ ጠርዙን ተሻግሮ ድንገት ይወርድብሃል። ውኃው ላይ ጠቆር ያለ ሽብሽብ ወደ አንተ ሲገሰግስ ካየህ የሸራውን ገመድ አላላ። ገመዱን ጀልባው ላይ ቋጥረህ አትተወው፤ ከእጅህ አይውጣ። ከተገለበጥህ ጀልባውን የሙጥኝ በል፤ ዳሩ ቅርብ ቢመስልህም ለመዋኘት አትነሣ። ተንሳፋፊ ጃኬቱን መሬት ላይ ሳለህ ልበስ። ስንት ሰዓት እንደምትመለስ የሚያውቅ ሰው ዳር ላይ ከሌለ ግን ጨርሶ አትውጣ።

ነርሷ
አክፍሎት ትይዛለህ? ከዓርብ ጀምሮ እህል ውኃ ያልቀመሰ ሰው ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ገመድ ሲጎትት ራሱን ሊስት ይችላል። ወይ አክፍሎቱን ወይ ጀልባውን ምረጥ።

የሦስት ልጆች እናት
ልጄ፣ የሰውን ወሬ ተወው። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ በጉን ማን ሊያርድ ነው? እናትህ ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለስ ባሏ የነበረበት ቤት ጭር ብሎ ሊጠብቃት ነው? «ምንም አላለችም» ያልኸውን እንደ ፈቃድ አትቁጠረው። እኛ እናቶች አትሂድ ማለት ይከብደናል። እሑድ ከእሷ ጋር ግደፍ፤ ሰኞ ወደ ሐይቅህ ሂድ፤ ማንም አይከለክልህም።

የዕድር ጸሐፊ
አንድ ነገር ዘንግታችኋል። ሙት ዓመቱ ሚያዝያ 9፣ ፋሲካ ባለፈ በአምስተኛው ቀን፣ ዓርብ ይውላል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርቡ አይጾምም፤ ድግሱ የፍስክ ነው። ለጾም ብላችሁ ሽሮና ምስር ገዝታችሁ እንዳታከማቹ። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ግን አሁኑኑ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ በበዓል ሳምንት ካህናት ፋታ የላቸውም። ድንኳንና ወንበርም ከዕድራችሁ ቀድማችሁ ያዙ፤ ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ይሻማችኋል።

የቱሉ ዲምቱው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር የሸሸሁት በጉን ነው። አባቴ ቢላዋውን በረንዳው ድንጋይ ላይ ሲስል ድምፁ እስከ ጓዳ ይሰማ ነበር፤ እኔ እግር ከመያዝ በቀር አርጄ አላውቅም።

የዕድር ጸሐፊ
ጎረቤት ጥራ። በአባትህ ቤት ለማረድ እንቢ የሚል የሠፈር ሽማግሌ አይኖርም። አንተ እንደለመድኸው እግር ያዝ፤ የዘንድሮው በዚህ ይለፍ።

የቱሉ ዲምቱው
እሺ፣ ሰኞ አደርገዋለሁ። እናቴም «ሐይቁን ልየው» ብላለች። ጀልባው ላይ ባወጣትስ?

ባለሸራው
ጠዋት ከሆነ ይቻላል፤ ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ባልደረባህም አብሯችሁ ይውጣ፤ አንተ ገና ለማጅ ነህ። ለእሷም በልኳ ጃኬት ፈልግላት። ነጠላዋን ዳር ላይ ትተወው፤ ከገመድ ጋር ይጠላለፋል።