ሳያኒክ አሲድ ወይስ አይሶሳያኒክ? ሳያኔትስ እንደ ሳያናይድ መርዝ ነው?

ጀማሪው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሳያኒክ፣ አይሶሳያኒክና ፉልሚኒክ አሲድ ሦስቱም ያላቸው አንድ ሃይድሮጅን፣ አንድ ካርቦን፣ አንድ ናይትሮጅንና አንድ ኦክስጅን ነው። ታዲያ ፖታሲየም ሳያኔት (የሳያኒክ አሲድ ጨው) ላይ አሲድ ስንጨምር የምናገኘው የትኛውን ነው? ሳያኔት እንደ ሳያናይድ ይገድላል እንዴ?

የአቶም ወዳጅ፦
ቁም ነገሩ አደራደሩ ላይ ነው። በሳያኒክ አሲድ ሃይድሮጅኑ የሚያያዘው ከኦክስጅኑ ጋር ነው፣ በአይሶሳያኒክ ግን ከናይትሮጅኑ ጋር። ሳያኔት አሲድ ሲያገኝ ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው ናይትሮጅኑን ስለሚመርጥ የምታገኘው አይሶሳያኒክን ነው። እሱም ውሃ ውስጥ አይቆይም፣ ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል፣ አረፋ የምታየው ለዚህ ነው።

ፉልሚኒክ ላይ መሀል የሚገባው ካርቦኑ ሳይሆን ናይትሮጅኑ ነው። ይቺ ትንሽ ለውጥ ምን እንደምታመጣ ተመልከት፦ የብር ፉልሚኔት (የፉልሚኒክ አሲድ የብር ጨው) ትንሽ ሲነካ ይፈነዳል፣ የብር ሳያኔት ግን አደብ ያለው ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ጀርመናዊዎቹ ኬሚስቶች ሊቢግ ፉልሚኔቱን፣ ቮለር ሳያኔቱን መርምረው ይዘታቸው አንድ ሆኖ ሲገኝ ብዙ አከራከረ። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ስዊድናዊው ኬሚስት በርዜሊየስ በ1830 አይሶመር (ይዘታቸው አንድ፣ አደራደራቸው የተለያየ) የሚለውን ስም ያወጣው እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አይቶ ነው። እኔ ለኬሚስትሪ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ላብራቶሪ፦
ስለ መርዙ ልመልስልህ። ሳያናይድ ሴሎች ኦክስጅን የሚጠቀሙበትን ኤንዛይም ጠፍሮ ይይዛል። ሳያኔት መርዛማነቱ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፣ በወርቅ ማዕድን ፍሳሽ ውስጥ ያለውን ሳያናይድ ኦክሲዳይዝ አድርገው (ኦክስጅን ጨምረውበት) ወደ ሳያኔት የሚቀይሩትም ለዚህ ነው። ምንም አይጎዳም ማለት ግን አይደለም! የአይሶሳያኒክ አሲድ ጋዝ ዓይንና ሳንባን ክፉኛ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ሳያኔት ላይ አሲድ የምትጨምር ከሆነ ጋዝ የሚስብ መከለያ ውስጥ ይሁን።

ሌላው ዩሪያ ነው። ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 አሞኒየም ሳያኔትን ወደ ዩሪያ ቀይሯል፣ ይሄንን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን መንገዱ ወደኋላም እንደሚሄድ ነው። የዩሪያ ሙሙት ሲቆይ፣ በተለይ ሲሞቅ፣ ጥቂት ሳያኔት ይፈጠርበታል፤ እሱም ፕሮቲን ላይ ካሉት የአሚን ቡድኖች (ናይትሮጅን ያለባቸው ክፍሎች) ጋር ተጣብቆ ፕሮቲኑን ይለውጠዋል። የታጠፈ ፕሮቲን በዩሪያ የምትፈቱ ሰዎች እባካችሁ ሙሙቱን አዲስ አዘጋጁ፣ አታሙቁት።

ጀማሪው፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ንጹሕ አይሶሳያኒክ አሲድ በጠርሙስ የማይሸጠው ለምንድን ነው?

የአቶም ወዳጅ፦
የሚፈላው 23 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ፈሳሹን ዝም ብለህ ብታስቀምጠው ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ሦስት ሦስት ሆነው ሳያኑሪክ አሲድ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሚያስፈልገው ሰው ደረቅ ሳያኑሪክ አሲድን በኃይል አሙቆ መልሶ ይበትነዋል፣ ጋዙን አቀዝቅዞ ይይዝና ወዲያው ይጠቀምበታል።