የድሬዳዋ ሰፈሮችን ስም ካርታ ላይ ስናስገባ በማን አጻጻፍ እንሂድ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከጓደኞቼ ጋር ኦፕንስትሪትማፕ ላይ፣ ማንም ሰው ገብቶ የሚሞላው የኢንተርኔት ካርታ ነው፣ የድሬን ሰፈሮችና መንገዶች እየሞላን ነው፣ መንገዱን ከሳተላይት ምስል ማውጣት ቀላል ነው፣ ያስቸገረን ስሙ ነው። ገንደ ቆሬን አንዱ ጋንዳ ቆሬ ይለዋል ሌላው ገጥሞ ገንደቆሬ ብሎ ይጽፈዋል፣ ሀፈት ኢሳን ሶማሌዎቹ ሲጠሩት ደሞ ሌላ ድምፅ አለው። ትርጉም ስትጠይቅ ይብሳል፣ የከተማዋን ስም እንኳን አንዱ ከኦሮምኛ ያመጣዋል ሌላው ከሶማሊኛ፣ ሁለቱም እርግጠኛ ናቸው። ለገሃሬ የሚባለው ሰፈር ላይማ ተጨቃጨቅን፣ አንዱ ልጅ የአዲስ አበባው ለገሃር ከፈረንሳይኛ ላ ጋር ስለመጣ የኛም ባቡር ጣቢያ ማለት ነው ብሎ "ለገሃር" አርጎ ሊያስተካክለው ነበር፣ ያነጋገርናቸው የሰፈሩ እናቶች ደሞ በኦሮምኛ ለጋ ወንዝ ነው ሃሬ አህያ ነው አሉን። ምን እናርግ? ትርጉሙንስ የት እንጻፈው? የሚያውቁት ትልልቅ ሰዎች እያሉልን መጻፍ አለበት።

ጀጎል ውስጥ፦
አቦ በርቱ፣ ወላሂ ደስ የሚል ስራ ነው። እኛ ጋ ሐረር የጀጎል፣ የግንቡ፣ በሮች ራሳቸው እንደዚ ናቸው። ሐረሪው አስመዲን በሪ የሚለውን አማርኛ ተናጋሪው ሸዋ በር ይለዋል፣ በድሮ በሪ ቡዳ በር ነው፣ አርጎብ በሪ ኤረር በር፣ ሱቁታት በሪ ሰንጋ በር፣ አሱም በሪ ፈላና በር። አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም እኮ፣ ሁለት ሰው ከሁለት ወገን ሆኖ የሰየመው ነው፣ አንዱን ካጠፋህ የአንዱን ወገን ታሪክ ነው ያጠፋኸው። ስለዚ አትምረጡ ሁሉንም በየቋንቋው አስገቡ። ትርጉሙንም አትናቁት፣ መኪና ግርግር የሚባለውን የኛን መንገድ ካርታ ላይ ብቻ ያየ እንግዳ የመኪና መጨናነቅ ይመስለዋል፣ ስሙ ግን ከልብስ ሰፊዎቹ የስፌት መኪና ድምፅ ነው የመጣው።

ካርታ ወዳድ፦
ስኮትላንድ ውስጥ በጌሊክ፣ በአገሬው የድሮ ቋንቋ፣ የቦታ ስሞች ላይ የሆነውን ብታዩት ይጠቅማችኋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ መንግስት ካርታ አንሺዎች ለየአካባቢው የስም መዝገብ ይይዙ ነበር፣ ስሙ፣ ሌሎች አጻጻፎቹ፣ አጻጻፉን ማን እንደመሰከረ፣ ቦታው የትና ምን እንደሆነ በየዓምዱ ይጻፋል። አሰራሩ ግሩም ነው፣ የማዝነው ምስክር አመራረጡ ላይ ነው፣ ከገበሬው በፊት የባለርስቱ፣ የቄሱና የአስተማሪው ቃል ነበር የሚታመነው፣ ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ደሞ ጌሊክ አያውቁም። ኪንዩሲ የምትባል ከተማ አለች፣ በእንግሊዝኛ አጻጻፏ መጀመሪያዋ ላይ "ንጉስ" የሚለው ቃል (ኪንግ) ያለ ይመስላል፣ በጌሊክ ግን መጀመሪያዋ ክያውን ነው፣ ራስ ማለት ነው፣ ስሟም የጥዱ ጫካ ራስ ነው። ዛሬ ጌሊኩን የሚያጠናው ተቋም የድሮ ሰነዶችን ያያል የአካባቢውን ተናጋሪም ይሰማል፣ ከዛ ነው አጻጻፍ የሚወስነው። ያ ልጅ ለገሃሬ ላይ ሊያረገው የነበረውን ፈጽሞ አታርጉ፣ ፊደል በገመታችሁት ትርጉም አይስተካከልም። ድምፁን ቅዱ፣ ማን በምን ቋንቋ እንዳለው ጻፉ፣ ሁለት ትርጉም ካለ ሁለቱንም ከነተናጋሪው።

ፊደልና ቁቤ፦
ካርታው ላይ ከዋናው ስም ሌላ ለአማርኛ ለኦሮምኛ ለሶማሊኛና ለሐረሪ ለየብቻ ማስገቢያ አለ፣ ለአማራጭ ስምና ለድሮ ስምም አለ፣ ትርጉምን ግን ስሙ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ የራሱ ሰንጠረዥ ይኑረው። ሌላ ደሞ የኛ ፊደል ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፣ ኦሮምኛ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ቁቤ ደግሞ ያሳያል፣ ድሬዳዋ ሲባል ዳዋ ላይ ያለው የኦሮምኛው "ዻ" እንኳን በአማርኛ "ዳ" ሆኖ ይጠፋል፣ ስለዚ ኦሮምኛውን ከአማርኛው አትገልብጡ፣ ቁቤ የሚጽፍ ሰው ከተናጋሪው አፍ ሰምቶ ይጻፈው። የሽማግሌዎቹን ስም ደሞ ሳታስፈቅዱ በይፋ እንዳታወጡ፣ ደብተራችሁ ላይ ይቆይ።

የከዚራ ልጅ፦
ኸይር ይስጣችሁ። ለገሃሬን እንደሚጠራው ትተነዋል፣ የእናቶቹን ትርጉም በነሱ አንደበት መዝግበን የፈረንሳይኛውን ግምት ከጎኑ ማን እንዳለው ጽፈናል። ቁቤ የሚጽፍ አለን፣ ሶማሊኛ አስተካክሎ የሚጽፍ ግን የለንም። ቅዳሜ ጠዋት ከቀፊራ ተነስተን ሀፈት ኢሳ እንሄዳለን፣ የምትችሉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።