ልጄ ካርድ ላይ «ብሎሰምድ» ተብሎ ተጻፈ፤ ምን ማለት ነው?

የሰኞ ገበያዋ እናት (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር እንድትረዱኝ ፈልጌ ነው። ልጄ ስድስተኛ ክፍል ናት። ዓምና ከኩታበር ወደ ደሴ ስንገባ ክፍል ውስጥ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትውለው። እጇን አታወጣም፣ ስሟን ሲጠሯት እንኳ ድምፅዋ አይሰማም ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርዷ ሲመጣ የእንግሊዝኛ መምህርቷ አስተያየቱ ቦታ ላይ «ሺ ሃዝ ብሎሰምድ ዚስ ሴሚስተር» ብላ ጽፋበታለች። ስልኬ ላይ ብፈልገው «አበበች» አለኝ። እናቴ ደግሞ ይህን ስትሰማ «ምን ሆና ነው በ12 ዓመቷ የምታብበው?» ብላ ደነገጠች። ደግ ነገር መሆኑን ልቤ ነግሮኛል። ለመምህርቷ በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ምስጋና ልጽፍላት እፈልጋለሁ። ያንኑ ቃል ልድገመው ወይስ «ብሉም» ይሻላል? መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም አበባ ነው የሚለው።

ከጦሳ ሥር
አብሽሪ እህቴ! ደግ ነገር ነው። ብሎሰምም፣ ብሉምም፣ ፍላወርም ያው ማበብ ናቸው። ደስ ያለሽን ጻፊ።

መምህሩ (ደሴ)
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። እኔም እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ አስተያየት ካርድ ላይ ዝም ብሎ አይጻፍም። መምህርቷ ልጅሽን ልብ ብላ አይታታለች ማለት ነው።

«ያው ናቸው» ባለው ወንድሜ ግን አልስማማም። እዚሁ በኛ ዛፍ ላስረዳ። ኮክን አይታችሁታል፤ ገና ቅጠል ሳያወጣ፣ ደረቅ እንጨት መስሎ እንደቆመ ድንገት ሮዝ አበባ ይለብሳል። እንግሊዞች ያንን ነው ብሎሰም የሚሉት። በተለይ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ አበባ ሲሆን። የኮክ፣ የፖም፣ የፕሪም አበባ ብሎሰም ነው። ጽጌረዳ ሲሆን ግን ብሉም ይሉታል፤ እሱ የሚፈለገው ለራሱ ለአበባው ነው። መስከረም ላይ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰውም «ኢን ብሉም» ነው የሚባለው፤ ጭራሽ ፈክቶ ሲሞላ «ኢን ፉል ብሉም»። ፍላወር ለሁሉም የሚሆን ተራው ቃል ነው። አንዱን ካንዱ ቀላቅሎ የሚናገር እንግሊዛዊ አይጠፋም፣ ልማዱ ግን ይህ ነው።

ወደ ሰው ስንመጣ ብሎሰም ሌላ ክብደት አለው። ተዘግቶ የነበረ ቀስ እያለ ሲከፈት፣ ውስጡ የነበረው ሲወጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ ስልክሽ «አበበች» ያለሽን ተዪው። እኛ የበለጠ ቃል አለን፤ ፈካች። አበባም ይፈካል፣ ፊትም ይፈካል፣ ሰማይም ይፈካል። «በዚህ ሴሚስተር ልጅሽ ፈክታለች» ነው ያለችሽ። ለእናትሽም እንዲሁ ንገሪያቸው።

እትዬ (ኮምቦልቻ)
ልጄ፣ የእናትሽ ድንጋጤ ገብቶኛል። እኛም «አበበች» ስንባል የሰው ስም ወይ ሌላ ነገር ነው የሚመጣብን። መምህር፣ እንግሊዝኛውስ ያንን የአካል ማደግ አይነካም?

መምህሩ (ደሴ)
ጥሩ ጠየቁ እትዬ። «ብሎሰምድ ኢንቱ ኤ ውመን» ከተባለ አዎ፣ ሴት ለአቅመ ሔዋን ደረሰች እንደማለት ነው። የትምህርት ካርድ ላይ ከሆነ ግን ስለ ትምህርቷና ስለ ድፍረቷ እንጂ ሌላ ማንም አይጠረጥርም። ምስጋናው ላይ «ኢን ክላስ» የሚል ብትጨምሪበት ጭራሽ ይጠራል።

ችግኝ ሻጩ (ኮምቦልቻ)
እኔም በዚህ ጥያቄ ልጠቀም። ቦርከና አካባቢ ችግኝ እሸጣለሁ። ታፔላ አጽፌ ሁለት ወር ሰቅዬው ከቆየሁ በኋላ አንድ ደንበኛ «ዱቄት ቤት ነው እንዴ?» አለኝ። ለካ ጸሐፊው ፍላወርን በደብሊውና በኢ ፈንታ በዩ ጽፎታል! አነባበቡ አንድ፣ ትርጉሙ ሌላ። እንደገና ላጽፈው ነውና ብሉም ልበል ብሎሰም? የምሸጠው በብዛት ጽጌረዳ ነው፣ ትንሽ ኮክና ማንጎም አለ።

መምህሩ (ደሴ)
ወንድሜ፣ ጸሐፊህን ብዙ አትቆጣው። ሁለቱ ቃላት ድሮ አንድ ነበሩ። ከፈረንሳይ የመጣ ቃል ነው፤ ሥሩ ላቲን ነው። ከተፈጨው እህል ምርጡን ክፍል «አበባው» ብለው ጠሩት፣ በኋላ ዱቄቱ የራሱን አጻጻፍ ይዞ ተለየ። ላንተ ታፔላ ብሉም ይስማማል፣ ጽጌረዳ ካመዘነ። የፍራፍሬ ችግኝ ብቻ ብትሸጥ ብሎሰም እልህ ነበር። ብሎሰምን ከጻፍክ ኤሱ ሁለት ነው፣ አንዱን እንዳይበላብህ። ከመቀባቱ በፊት ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳይህ።

ባሪስታው (ፒያሳ፣ ደሴ)
ብሉምን እኛም ሥራ ላይ አለን። በማጥለያ የሚንቆረቆር ቡና ስንሠራ መጀመሪያ ትንሽ ሙቅ ውሃ ዱቄቱ ላይ አፍስሰን 30 ሰከንድ ያህል እንጠብቃለን። ቡናው በቅርብ የተቆላ ከሆነ ያብጣል፣ አረፋ ያወጣል። ሲቆላ ውስጡ የቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው የሚወጣው። እሱን ብሉም ነው የምንለው። ቡናው ከቆየ ዝም ይላል። ቃሉ ከአበባ መምጣቱን ዛሬ ነው ልብ ያልኩት።

ከጦሳ ሥር
እኔ የተሳሳትኩትን ተቀብያለሁ መምህር። ዜና ላይ «አልጌ ብሉም» የሚሉትስ?

መምህሩ (ደሴ)
እሱ አልጌ በውሃ ላይ በአንዴ ሲበዛና ውሃውን ሲያለብሰው ነው። እዚያ ላይ ብሉም ደግ ዜና አይደለም። ብሎሰም ግን ለዚህ አይገባም።

የሰኞ ገበያዋ እናት (ደሴ)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ «ፈካች ማለት ነው» ስላት እልል አለች። እንዲህ ብዬ ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፤ «ዲር ቲቸር፣ ዩ ብሎሰምድ ማይ ዶተር። ታንክ ዩ።» አፈካሻት ለማለት ነው።

መምህሩ (ደሴ)
ሐሳቡ ያምራል፣ ሰዋስዉ ግን አይሄድም። በአማርኛ ፈካ ብለን አፈካ እንላለን፤ አንዱ ሌላውን ማፍካት ይችላል። ብሎሰም ግን ራሱ የሚፈካው ብቻ ነው የሚያደርገው። መምህር ተማሪን «ብሎሰም» አታደርግም፤ ትረዳታለች እንጂ። ብሉምም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ዩ ሄልፕድ ማይ ዶተር ብሎሰም ኢን ክላስ» በይ። «እንድትፈካ ረዳሻት» ይሆናል። ከዚያ «ታንክ ዩ ፎር ዩር ፔሸንስ» ብትጨምሪበት፣ ስለ ትዕግሥቷ ማመስገን ነው። ዓምና እጇን ለማታወጣ ልጅ መምህርቷ ብዙ ታግሣ ይሆናል፣ እሱ ቢነሳላት ደስ ይላታል።

እትዬ (ኮምቦልቻ)
ወረቀቱን ልጅቷ በራሷ እጅ ትገልብጠው። መምህርቷ የልጅቷን ጽሑፍ ታውቃለች።

የሰኞ ገበያዋ እናት (ደሴ)
እትዬ፣ እንዳሉት አደረግሁ። አሁን ሦስተኛ ወረቀት ላይ ናት፤ ሁለቱን ኤሶች አስተካክዬ ካልጻፍኩ አልሰጥም ብላለች። ሰኞ ጠዋት ይዛው ትሄዳለች።

ችግኝ ሻጩ (ኮምቦልቻ)
እህቴ፣ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርጂበት ቀን ካለ ለመምህርቷ አንድ የኮክ ችግኝ ከኔ ውሰጂላት። ለደሴ ብርድ ኮክ ይስማማዋል።